የሬሳው ክብደት

የአሞስ ፒንችቤክ ሬሳ ከቦዩ የወጣው ማለዳ ነበር። ግንባሩ መሀል ላይ አንድ ቀዳዳ አለ፤ ሌላ ቁስል የለበትም። ኢንስፔክተር ሄድሊ በእንግሊዝ አገር፣ በሊንከንሽር ረግረግ ዳር ካለው እርሻ ሲደርስ ሬሳው ጎተራ ውስጥ ጆንያ ላይ ተጋድሟል። የሟቹ ወንድም ሩበን ደግሞ ከአካባቢው ፖሊስ አጠገብ በካቴና ታስሮ ቆሟል።

«ገዳዩ ይኸው» አለ ፖሊሱ። «በመሬት ሲካሰሱ ነው የኖሩት። ትናንት ገበያ መሀል 'እገልሃለሁ' ሲለው ያልሰማ የለም።»

«ብዬዋለሁ» አለ ሩበን። «ዕድሜ ልኬን ብዬዋለሁ። አንድ ቀን ነክቼው አውቃለሁ?»

ሄድሊ ወደ ሬሳው ቀረበ። ጎንበስ ብሎ ቁስሉን አየ። የተናደደ ሰው ደጋግሞ፣ ያገኘበት ቦታ ላይ ነው የሚመታው። ይህ ግን ጥይት ሳይሆን አንድ የሹል ብረት ምት ነው፤ ቦታውን የሚያውቅ እጅ።

«ከውሃው ማን አወጣው?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ» አለ በሩ አጠገብ የቆመ ትከሻ ሰፊ ሽበታም። ሲላስ ደን ይባላል፤ እርሻው ላይ ከተቀጠረ ገና ዓመት አልሞላውም።

«ብቻህን?»

«ብቻዬን። ሃያ ስቶን ይሆናል፤ እንደምንም ቻልኩት።»

ፖሊሱን ሳቅ አመለጠው። ስቶን በቋንቋቸው ድንጋይ ማለት ነው፤ የሰው ክብደት የሚነገረውም በእሱ ነው። ሃያ ስቶን የሚመዝን ሰው በር ይጠበዋል፤ አሞስ ግን ወፍራም አልነበረም።

«አንተ ሰውዬ፣ በሬ ነው እንዴ የተሸከምከው?»

ሩበን እንኳ ከነካቴናው ፈገግ አለ። ሲላስና ሄድሊ ብቻ አልሳቁም። ኢንስፔክተሩ ሐኪሙን ጠርቶ ሬሳውን በእህሉ ሚዛን እንዲመዝነው አዘዘና ወደ ወጥ ቤት ገባ።

የሟቹ ሚስት ኬዝያ ድንች ትልጣለች። የሚበላ ሰው ግን በቤቱ አልነበረም።

«ሲላስን ከየት አገኛችሁት፣ እሜቴ?»

«ራሱ ነው የመጣው። የዮርክ አራሽ ነኝ አለ።»

«ለንደን ኖሮ ያውቃል?»

«ረግጫት አላውቅም ይላል። ስሟ ከተነሣ ትቶን ይወጣል።»

«ከለንደን የመጣ ሌላ ሰው እዚህ ቤት ነበር?»

ቢላዋው ቆመ። «ሎቲ የምትባል ሠራተኛ ነበረችን። ካቻምና በበረዶው ጊዜ ሞተች።»

«በምን?»

«በብርድ» አለች ኬዝያ፤ ቀና ብላ ግን አላየችውም።

ከሰዓት በኋላ ሄድሊ ሁሉንም ወጥ ቤቱ ውስጥ ሰበሰባቸው።

«ሐኪሙ መዝኖታል፤ አሥራ አንድ ተኩል ስቶን ነው» አለ። «ሲላስ ሃያ ብሎ ነበር፤ ሳቃችሁበት። እኔ ወጣት ፖሊስ ሳለሁ የለንደን ሥጋ ገበያ በር ላይ ዘብ እቆም ነበር። ለእኛ አንድ ስቶን አሥራ አራት ፓውንድ ነው። ለእነሱ ስምንት ብቻ። በዚያ ስምንት ፓውንድ የሚመዘነው የታረደ ከብት ነው። እስቲ የሲላስን ሃያ በስምንት አባዙት።»

«መቶ ስድሳ» አለ ፖሊሱ።

«የእኛን አሥራ አንድ ተኩል በአሥራ አራት ስታባዛው መቶ ስድሳ አንድ ይመጣል። ሲላስ አልተሳሳተም። ሬሳውን ሲያነሣ አፉ በለመደው መስፈሪያ ተናገረ።»

ሄድሊ ወደ ሲላስ ዞረ።

«በለንደን ቄራ በሬ የሚጣለው ግንባሩ መሀል ላይ በሹል መዶሻ አንድ ጊዜ ተመትቶ ነው። ያን የሚችል የቄራ ሰው ነው እንጂ ሩበን አይደለም። የለንደን አራጅ ለንደንን የሚክደው ለምንድን ነው? ይህን ቤት ከለንደን ጋር የምታገናኘው አንዲት ልጅ ብቻ ናት። ሎቲ ምንህ ናት፣ ሲላስ?»

«ልጄ ናት» አለ ሲላስ። «ታማ ሳለ በበረዶ አውጥተው እንደጣሏት ሰማሁ። ማን እንዳደረገው ላጣራ መጣሁ። ትናንት ቦዩ ዳር ብቻችንን ስንሆን 'ያባረርካት አንተ ነህ?' አልኩት። 'አዎ፣ እኔ ነኝ' አለኝ።»

ኬዝያ ወንበሩን ያዘች። «እንደዚያ አለህ?»

«በገዛ አፉ።»

«አሞስ አላባረራትም» አለች። «ደም መትፋት ጀመረች። የሚጠባ ልጅ ነበረኝ፤ ይይዘዋል ብዬ ፈራሁ። አሞስ በሌለበት ዕቃዋን አውጥቼ በሩን ዘጋሁባት። ሲመለስና ሲሰማ ምሳውን ሳይቀምስ ወጣ። በረዶ ውስጥ አግኝቶ፣ ተሸክሞ ያመጣት እሱ ነው።»

«በሕይወት ነበረች?»

ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

ሲላስ ወደ ኬዝያ ዞረ። «ልጅሽስ?» አላት።

«እሱም በሳምንቱ ሞተ።»

ሄድሊ የሩበንን ካቴና ፈታ። ሲላስ ሳይጠየቅ እጆቹን ዘረጋ፤ ሲያስሩት ግን ዓይኑን ከኬዝያ ላይ አላነሣም። በጥላቻ አልነበረም፤ ጥላቻውን ትናንት ጨርሶታል።

ፖሊሱ ሲላስን ይዞ ወጣ። ሩበን ነጻ ሰው ሆነ፤ ከተቀመጠበት ግን አልተነሣም። ኬዝያ ደግሞ «'እኔ ነኝ' አለው» እያለች ለራሷ ታንሾካሹክ ነበር፤ «'እኔ ነኝ' አለው።»