ፋቲሃ የተቀራበት ቃል

«ወታደራችን! ና እስቲ፣ ና!»

አዴ ዛምዛም ከቅመማ ቅመም ጆንያዎቻቸው ጀርባ ሆነው ሲጣሩ መሃድ ዞር ብሎ ኋላውን አየ። ቀፊራ ገበያ እንደ ወትሮው በሰው ታጭቋል፤ በዚያ በኩል ግን ከአንድ እንቅልፋም አህያ በስተቀር ማንም አልነበረም። አህያውም ወታደር አይመስልም።

«አንተን እኮ ነው! ምን ያገላምጥሃል?» አሉና ለእናቱ ከሚመዝኑት ድንብላል ቀና ብለው እፍኝ ሙሉ ቴምር መዳፉ ላይ ቆለሉለት። «ብላ። ቅዳሜ ጉልበት ያስፈልግሃል። ጀግና ልጅ! ሰፈሩን አኮራኸው።»

መሃድ ምን እያሉ እንደሆነ አልገባውም። መጠየቅ ነበረበት። ግን በአካባቢው ያሉት ሻጮች ሁሉ ፈገግ ብለው ሲያዩት «ጀግና» የምትለዋ ቃል ጣፈጠችውና ዝም አለ። ቴምሩንም በላው። በኋላ ነገሩ ሁሉ ሲገለጥለት ከምንም በላይ ያሳፈረው ይኸው ነበር፤ ሳይጠይቅ መብላቱ።

ጉዳዩን የነገረው ይትባረክ ነው። ይትባረክ ግድግዳ የሚጋሩት ጎረቤቱና የክፍል ጓደኛው ነው። አንገቱ ላይ ማተብ አስሮ በአንድ ትንፋሽ ሦስቴ «ወላሂ» የሚል የድሬ ልጅ። የሰፈሩ መግቢያ ላይ ወገቡን ይዞ ጠበቀው።

«አቦ አንተ ልጅ፣ ለኔ እንኳን አትነግረኝም? ወላሂ ተቀይሜሃለሁ!»

«ምኑን?»

«ምኑን ይላል እንዴ! ተጠባባቂ ኃይል መግባትህን ነዋ። ሰፈሩ ሁሉ እያወራ እኔ ከሰው አፍ ልስማ?»

ተጠባባቂ ኃይሉንስ መሃድ ያውቀዋል። ሞንታርቦ የጫነች መኪና ሰሞኑን የሰፈራቸውን የመጋላን ጠባብ መንገዶች እየዞረች «አሥራ ስምንት ዓመት የሞላችሁ፣ በፈቃዳችሁ!» እያለች ስትጮህ ነበር። ቅዳሜና እሁድ ስልጠና ነው፤ ሌላውን ቀን ትምህርትህን ትማራለህ፣ ሥራህን ትሠራለህ። ሲጠሩህ ደግሞ ትሄዳለህ። ያቺን «ሲጠሩህ» የምትለዋን ላለመስማት መሃድ መኪናዋ ባለፈች ቁጥር መስኮት ይዘጋል። ዕድሜው የሞላው በቅርቡ ነው፤ ቢዘገይለት ደስ ባለው ነበር። ይህን ግን ለማንም ትንፍሽ አላለም።

«ማን ነው ይገባል ያለህ?» አለ መሃድ።

«አባትህ ናቸዋ! ትናንት አው ሳሃል ቤት በርጫ ላይ። የምዝገባው አስተባባሪም እዚያው ነበር አሉ። የዛሬ ልጆች ፈሪ ናቸው ምናምን ሲባል አባትህ ብድግ ብለው ‹የኔ መሃድ አንበሳ ነው፤ ቅዳሜ ከሁሉ ቀድሞ ይቆማል› አሉ። አው ሳሃል ዱዓ አደረጉ፤ ፋቲሃ ተቀራ። አለቀ!»

መሃድ ጆሮው ጋለ። በድሬ፣ ከምሳ በኋላ ፀሐዩ ሰውን ሁሉ ቤት ሲያስገባ፣ አባቶች በርጫ ብለው ፍራሽ ላይ ጋደም ይሉና ጫት ይቅማሉ። ምርቃናው ሲመጣ የማይታረስ ተራራ፣ የማይገነባ ፎቅ የለም። ያንን ማንም አይይዝባቸውም፤ የምርቃና ወሬ ማታ ከገራባው፣ ከጫቱ ትራፊ ጋር ተጠርጎ ይወጣል። እንደ አው ሳሃል ያሉ የሰፈር ሽማግሌ ዱዓ አድርገው ፋቲሃ፣ የቁርአኑ መክፈቻ ጸሎት፣ የተቀራበት ቃል ግን አይጠረግም። ይህን አባቱ ከማንም በላይ ያውቃሉ።

«ስማ ደግሞ» አለ ይትባረክ፣ ትከሻውን አቅፎ። «እኔም ወሰንኩ። ድሮም አስብ ነበር፤ ብቻዬን ግን ደፍሬ አላውቅም። ለእማዬ ነገርኳት። አለቀሰች፣ አለቀሰችና ‹መሃድ ካለ ይሁን› አለች። አንተ ካለህ እኔ ምን ያስፈራኛል? ወላሂ!»

ያኔ ቢናገር ኖሮ ነገሩ ሁሉ እዚያው ያልቅ ነበር። አባቴ ሳይጠይቀኝ ነው ማለት ብቻ። ፈራሁ ማለት ብቻ። ከአፉ ግን የወጣችው አንዲት ቃል ናት።

«እሺ።»

አባቱ አብዱሰመድ ባጃጃቸውን በር ላይ አቁመው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ምርቃናው የለም፤ ዱካኩ ብቻ ነው የቀረው፤ ትናንት «አንበሳ ነው» ያለው አንደበት ዛሬ ውሃ እንኳን አይጠይቅም። መሃድ ድንብላሉን ለእናቱ ሰጥቶ ፊት ለፊታቸው ቆመ።

«አባ፣ እውነት ነው?»

«ወሬ ነበር» አሉ አባቱ ምንጣፉን እያዩ። «የበርጫ ወሬ።»

«ፋቲሃ ተቀርቶ?»

መሃድ አባቱን እንዲህ አንገታቸውን ደፍተው አይቶ አያውቅም። ይጮህባቸው ነበር የመጣው፤ አሁን ግን አፈረላቸው፤ ቀጥሎ ደግሞ በራሱ አፈረ። አባቱ የተመኙት ዓይነት ልጅ ቢሆን ኖሮ ቃላቸው ውሸት አይሆንም ነበር።

«ትፈልጋለህ?» አሉት በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው።

መሃድ ራሱን ነቀነቀ። አልፈልግም።

«እንግዲያው ነገ ቢዮ አዋሌ ኤዶህ ጋ፣ እህቴ ቤት ሂድ። እኔ ወባ ያዘው እላለሁ። ድሬ ውስጥ ወባን የሚጠራጠር የለም። ቅዳሜ ካለፈ ሰው ይረሳዋል።»

እናቱ ማርያን ድንብላሉን እየለቀሙ ከጓዳ «ውሸት በውሸት ይታጠባል እንዴ?» አሉ። ሁለቱም ያልሰሙ መሰሉ።

አርብ ከሶላት በኋላ መሃድ ቀፊራ ጥግ የቆመው የቢዮ አዋሌ ሚኒባስ ውስጥ ነበር። መኪናው ካልሞላ አይነሳም፤ የቀረው ደግሞ አንድ ወንበር ነው። የልብስ ቦርሳውን እግሩ ሥር አድርጎ፣ ኮፍያውን ግንባሩ ላይ ደፍቶ፣ የሚያውቀው ሰው እንዳያየው መስኮቱን በትከሻው ከልሎ ተቀመጠ። ሚሪንዳም ገዝቷል። ግማሹን ጠጥቶ ጠርሙሱ አፉ ላይ እንዳለ መስኮቱ ተንኳኳ።

ይትባረክ ነው። በአንድ እጁ ፌስታል ይዟል፤ ውስጡ ብርቱካን አለ።

«ተሻለህ?» አለ።

መሃድ ጠርሙሱን አወረደ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ፤ እሷ ግን አልተከፈተችም። «አክስቴ... እዚያ አየሩ ስለሚስማማ...» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ሊጨርሰው አልቻለም። ይትባረክ ቦርሳውን፣ ሚሪንዳውን፣ ኮፍያውን ተራ በተራ አየ። ሲገባው መሃድ ከፊቱ ላይ አነበበው፤ ቁጣ ነው ብሎ ጠብቆ ነበር፣ ቁጣ አልነበረም። ተሸማቅቆ ነበር። በጓደኛው ፋንታ እሱ አፍሮ ነበር።

«አባትህ ወባ ያዘው ሲሉኝ ለበሽተኛ ነው የገዛሁት» አለ ይትባረክ፣ ፌስታሉን በመስኮት እያቀበለው። «ካልሲም አለበት። ቡት ጫማው ያለ ወፍራም ካልሲ ይልጣል ብለውኝ ለሁለታችንም ገዝቼ ነበር።»

«ይትባረክ...»

«አይ፣ ግድ የለም። እግዚአብሔር ይማርህ።»

ወላሂ አላለም። ዞሮ ሄደ፤ የቀፊራ ገበያ ሰው ውስጥ ገብቶ ጠፋ። የመጨረሻው ተሳፋሪም መጣ፤ ሚኒባሱ ሞተር አስነሳ። ብርቱካኖቹ መሃድ ጭን ላይ ከብደው ተቀምጠዋል፤ ከላያቸው አረንጓዴ ካልሲ ሁለት ጥንድ።

«ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ።

«ገና መች ተነሳንና?» አለ ረዳቱ። ተሳፋሪው ሳቀ። መሃድ በሰዎች ጉልበት ላይ እየተሻገረ ወረደ።

አው ሳሃል ቤት ደጃፍ ላይ ጫማዎች ተደርድረዋል። የአባቱን ነጠላ ጫማ ለየው፤ አንዱ ማሰሪያው በሽቦ የተጠገነው። ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ እንዳለ የአባቱን ድምፅ ከመጋረጃው ጀርባ ሰማ።

«...ትኩሳቱ ሌሊት ነው የጀመረው። እያቃዠ ነው ያደረው ምስኪን። ቅዳሜ ልሂድ፣ ልሂድ ይላል፤ እኔ ነኝ የከለከልኩት።»

«አሂ! እጃችሁን አንሱ» አሉ አው ሳሃል። «አላህ ያሽረው።»

«አሚን።»

«ለወላጆቹ ያቆይልን።»

«አሚን።»

መሃድ መጋረጃውን ገልጦ ሲገባ የሁሉም መዳፍ ወደ ላይ እንደተዘረጋ ነበር። ለእሱ ጤና የተዘረጋ። እሱ ደግሞ በአንድ እጁ ቦርሳ፣ በአንድ እጁ ብርቱካን ይዞ እንደ ግንድ ቆሟል። ከወዲያ ጥግ አስተባባሪው ቀና ብሎ አየው። አባቱ መዳፋቸውን አጠፉ፤ ፊታቸው በርበሬ መሰለ።

እስከ በሩ ድረስ የሚናገረውን አዘጋጅቶ ነበር። አሁን አንዱም ትዝ አላለውም።

«አልታመምኩም» አለ።

አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«አባ እኔን ለመሸፈን ነው እንጂ አልታመምኩም። ልደበቅ ስሄድ ነበር። ቃሉን የሰጠው አባ ነው፤ እኔ አልተጠየቅኩም። ብጠየቅ እምቢ እል ነበር።» ያቺ ቃል ግን ካልወጣች የቀረው ሁሉ ምንም እንዳልሆነ ያውቃል። «እፈራለሁ።»

«አንበሳው!» አለ አንዱ ከግድግዳው ጥግ፤ ሁለት ሦስቱ ሳቁ። መሃድ እንባው እንዳይወርድ ጣሪያውን አየ። ይህን ሳቅ ከዛሬ ጀምሮ መንገድ ላይም እንደሚሰማው ገባው። ምናልባት ለብዙ ጊዜ።

«ምዝገባው በፈቃድ ነው ብለናል» አለ አስተባባሪው፤ እሱም ትንሽ አፍሯል። «እኔ ልጁ ተስማምቷል መስሎኝ ነው።»

አው ሳሃል ፂማቸውን አሻሹ። «ያን ቀን እዚህ ቤት ፋቲሃ ቀርተናል» አሉ። «ሁላችንም አሚን ብለናል። ልጁ ግን አላለም፤ አልነበረማ።» ወደ አብዱሰመድ ዞሩ። «ባልነበረ ሰው አሚን ላይ ምን ቃል ይቆማል? እኔም ሳልጠይቅ እጄን አነሳሁ። የጋራ ጥፋት ነው።»

አብዱሰመድ ፊታቸው ያለውን ገራባ በጣታቸው ሰበሰቡ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ፤ ለመስማት እስኪያስቸግር ዝቅ ባለ ድምፅ። ከዚያም ፍራሹ ላይ ጠጋ ብለው ከጎናቸው ቦታ ለቀቁለት። «ና፣ ተቀመጥ።»

«አልችልም፣ አባ። የምሄድበት አለኝ» አለ መሃድ። ብርቱካኑን ይዞ ወጣ።

ይትባረክ በራቸው ላይ ተቀምጦ አገኘው። መሃድ ሁሉንም ነገረው፤ ከቴምሩ ጀምሮ፣ «እሺ» ያላትንም ሳይዘል። ይትባረክ አንድ ብርቱካን ልጦ ብቻውን ጨረሰ።

«ትናንት ብትነግረኝ ኖሮ» አለ በመጨረሻ፣ «ምናልባት እኔም እተወው ነበር። ዛሬ ከሚኒባሱ ስመለስ አሰብኩበት። አንተ የለህም ብዬ አሰብኩበት። አሁንም እሄዳለሁ።»

«እማማ የሺአረግስ?»

«እሷን አንተ ትነግራታለህ» አለ ይትባረክ። «‹መሃድ ካለ› ያለችው እሷ ናት።»

ነገራቸው። እማማ የሺአረግ አልተቆጡም፤ የልጃቸውን ልብስ እያጠፉ ቦርሳ ውስጥ መክተት ጀመሩ፤ ቢቆጡ ይሻለው ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ መሃድ በራቸው ላይ ቆሞ ጠበቀ። ይትባረክ ሲወጣ ቦርሳውን ከትከሻው ላይ ተቀበለው። ይትባረክም አልከለከለውም።

«ያንተንም ካልሲ ደርቤ አደረግኩት» አለ ጥቂት ከተራመዱ በኋላ። «ቡቱ ሰፊ ነው አሉ፣ ወላሂ።»

መሃድ ያቺን «ወላሂ» ሲሰማ ደረቱ ቀለል አለው። ብዙም አይደለም። መመዝገቢያው ሜዳ ከቀፊራ ማዶ ነው፤ በሌላ መንገድ ዞሮ መሄድም ይቻል ነበር። መሃድ ግን በገበያው መሃል መራው። አዴ ዛምዛም ጆንያቸውን ሲዘረጉ አዩዋቸውና እጃቸውን ቴምር ውስጥ ከተቱ።

«መጡ! ወታደሮቻችን መጡ! እንካ መሃድ፣ ለሁለታችሁም!»

በአካባቢው ያሉት ሻጮች ሁሉ ቀና አሉ። አዴ ዛምዛም እፍኝ ሙሉ ቴምር ዘርግተውለት ይጠብቃሉ። መሃድ ጆሮው እስኪግል አፈረ፤ እጁን ግን አልዘረጋም።

«አዴ ዛምዛም፣ እኔ አልሄድም» አለ። ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ። «የሚሄደው እሱ ነው። ለእሱ ስጡት።»