የሳቂታው እንቅልፍ

«እኔ የበሩን እጀታ ስጨብጥ ግማሹን፣ ሬሳውን ሳይ ሙሉውን አውቀዋለሁ!» እያለች ነበር መርማሪዋ ወደ ሱስ ማገገሚያው የገባችው። መሥሪያ ቤት «ጭልፊት» ይሏታል፤ ስሙን ያወጣችው ራሷ ናት የሚሉ ክፉዎችም አሉ።

ሟቹ ጥግ ባለው አልጋ ላይ በጀርባው ተንጋሏል። በሕይወት ሳለ ሳቁ ከኮሪደር ማዶ ስለሚሰማ ሁሉም «ሳቂታው» ይለው ነበር። አሁን ከንፈሩ ጠቁሯል፤ በአፉ ዳርና ዳርም የሚያጣብቅ ነገር ደርቆበታል።

«ያው ተመልሶበት ነው» አለ የማገገሚያው ኃላፊ ክራባቱን እያስተካከለ። «ዕፅ አስገብቶ ወሰደ፣ ሞተ። ምንም አዲስ ነገር የለውም እህቴ።»

«ማን አስገባለት?»

«ትናንት የጠየቀችው እናቱ ብቻ ናት።»

ጭልፊትም እንደ ስሟ በርራ እናትየው ላይ አረፈች። ምስኪኗ ሴትዮ ጠዋት ትራስ ይዛ መጥታ የጠበቃት ሬሳ ነው፤ ኮሪደሩ ውስጥ ትራሱን እንዳቀፈች ቀርታለች። ጭልፊት ቀምታ ስፌቱን ተረተረችው። ጥጥ ብቻ! ዕፁ ትናንት ከገባ የዛሬ ትራስ ምን በወጣው? እናትየው ጎንበስ ብላ የተበተነውን ጥጥ ትለቅም ጀመር። ጭልፊት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ይቅርታ እማማ። ትራሱ ለምን ነበር?»

«ትናንት ‹እንቅልፍ ጠላኝ እማዬ› አለኝ። የዚህ ቤት ትራስ ድንጋይ ሆኖበት ይሆናል ብዬ የራሱን አመጣሁለት።» ቀና አለች። «አንድ ነገር ንገሪኝ ልጄ። ሁለተኛ አልነካውም ብሎ ምሎልኝ ነበር። ዋሽቶኝ ነው የሞተው?»

ጭልፊት የቀረውን ጥጥ ለቅማ አቀበለቻት።

ወደ ክፍሉ ተመለሰች፤ አሁን አፏን ዘግታ ዓይኗን ከፈተች። ከመስኮቱ ሥር የተነሳ የጉንዳን ሰልፍ ወለሉን አቋርጦ ይጓዛል። የሚወጣው ግን ወደ ሟቹ አልጋ አይደለም፣ ወደ ጎረቤቱ ነው። ፍራሹን ገለበጠችው። በቅዳጁ ውስጥ አንዲት ባዶ ጠርሙስ ተወሽቃለች፤ አፏ ላይ ያው የሚያጣብቅ ነገር አለ።

የአልጋው ባለቤት «ዝምታው» ይባላል። ሲንተባተብ ስለሚስቁበት ከነጭራሹ መናገር የተወ ሰው ነው። ግድግዳውን ያያል፣ ግድግዳውም እሱን።

ጭልፊት ነርሷን ለብቻዋ ያዘቻት።

«ሲስተር፣ መድኃኒቱን እንዴት ነው የምትሰጪው?»

«የሱሱን አምሮት የሚያስታግስ ሽሮፕ ነው። እፊቴ ይጠጡታል፣ ከዚያ ስማቸውን ጮክ ብለው ይናገራሉ። አፉን የሞላ ሰው መናገር አይችልማ! እንዳይደብቁት ነው።»

«ሁሉም ይናገራሉ?»

ነርሷ ጣቶቿን ታፍተለትል ጀመር። «ከዝምታው በቀር። አንድ ቀን ሰልፉ ሁሉ ሲስቅበት አለቀሰ። አንጀቴን በላው፤ አንተ ራስህን ነቅንቀህ እለፍ አልኩት።»

«የሳቂታውስ መጠን ስንት ነበር?»

«እሱን... ኃላፊውን ጠይቂ።»

ጭልፊት ግን ኃላፊውን ለብቻው አልጠየቀችውም፤ የመድኃኒት መዝገቡን አገላብጣ አየች። ከዚያ እናትየውን፣ ኃላፊውን፣ ነርሷንና ዝምታውን መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሳቂታው ዕፅ አልነካም» ብላ ጀመረች። እናትየው ዓይኗን ጨፈነች። «የሞተው በዚሁ ቤት ሽሮፕ ነው። ኃላፊው ለእንግዶች የሚያሳዩት ‹ፍጹም የዳነ› ሰው አማራቸውና መጠኑን በጥድፊያ አስቀነሱት። ዋሸሁ ሲስተር?»

«ፈጠነበት፣ አይተኛም ብያቸው ነበር። ‹ሽንቱ ሲመረመር ከዕፅ ንጹህ ነው፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?› አሉኝ።»

ኃላፊው ክራባቱን ላላ አደረገ።

«ሽንቱማ ንጹህ ነበር። ሰውየው ግን ሲገላበጥ ነው የሚያነጋው። ያንን የሚያየው ደግሞ ጎረቤቱ ነው። ዝምታው ስሙን እንዲናገር አይገደድም፤ ስለዚህ የራሱን ሽሮፕ አፉ ውስጥ እየያዘ ጠርሙስ ውስጥ አጠራቀመለት። ትናንት ማታ ሰጠው። የሰጠው ሳቂታው ድሮ በቀን ይጠጣ የነበረውን ያህል ነው፤ እንደ ድሮው መስሎት። የሳቂታው ሰውነት ግን ያንን መጠን መቻል ትቶ ነበር። ተኛ፤ ትንፋሹም አብሮት ተኛ።»

ዝምታው ተነሳ። አፉን ለመክፈት ታገለ። ዛሬ ማንም አልሳቀም።

«እ... እ... እንዲተኛ ነው» አለ። «ተ... ተኝቶ አየሁት። ደ... ደስ ብሎኝ እኔም ተኛሁ።»

ነርሷ ፊቷን በጋውኗ ሸፈነች። ኃላፊው ግን ነፍስ ዘራ። «በሉ ሰማችሁ! ይህ ሰው በሕግ...»

«እርስዎም ተራ አለዎት፣ ይቀመጡ» አለችው ጭልፊት።

እናትየው እግሯን እየጎተተች ሄዳ የዝምታውን ራስ ትከሻዋ ላይ አስደገፈችው። ሰውየው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ፤ ለማልቀስ መንተባተብ አያስፈልግም። እዚህ ላይ ጭልፊት ዝም ብትል ምን ነበረበት? አመሏ አይደለማ።

«ልጅዎ አልዋሸዎትም እማማ። በግማሽ ቀን ስሙን አጠራሁልዎት፤ ሌላ መርማሪ ቢሆን ወር ይፈጅ ነበር።»

እናትየው እጇን ከዝምታው ራስ ላይ አላነሳችም።

«እግዜር ይስጥሽ። ልጄ በቁሙ ሲሰቃይ ያየው ግን ይሄ ምስኪን ብቻ ነው። ሬሳ ላይማ ሁሉም ጎበዝ ነው።»