ሰባት ዓመት የዘገየው ላፕቶፕ

«የሚጠግነው ሌላ ሰው የለም?» አለ ሲላስ፣ የሚልካን እጅ አልፎ ግድግዳውን እያየ።

እጇን ካነሣች ቆይታለች። ክንዷ ዝሏል። የወጣቶች መሪው ሲላስ ግን ዓይኑ ከኋላ ከተደረደሩት ወንዶች አልተነቀለም። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ላፕቶፕ የታዳጊ መዘምራኑ ነው፤ የመዝሙሩን ግጥም በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ የሚያወጣላቸው እሱ ነበር። አሁን ለመከፈት ብቻ ግማሽ ስብከት ይፈጃል። ተከፈተ ሲሉት ደግሞ መልሶ ይደርቃል።

«ሞቷል በቃ» አለ ኦልያድ። «ለመለዋወጫ ይሸጥ።»

ኦልያድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ኮምፒውተር አዋቂ የተባለው አንገቱ ላይ ትልቅ የጆሮ ማዳመጫ ስለሚያንጠለጥል ነው እንጂ፣ አንድ ነገር ሲጠግን ያየ ሰው ተፈልጎም አይገኝም።

ሚልካ መጠበቁ ሰለቻትና ተነሣች። «እኔ ልሞክረው።»

ከኋላ ሳቅ ፈነዳ። «ሚልኪ፣ ቲክቶክ መክፈት አይደለም እኮ!» አለ አንዱ።

«አውቃለሁ። ቲክቶክ ቢሆንማ አንተም ትችለው ነበር።»

ሲላስም አብሮ ሳቀ። «እሺ፣ ውሰጂው። የሞተ ነው፤ ከዚህ በላይ አይሞትም። ለቅዳሜው ፕሮግራም ካልደረሰ ግን ሰኞ የመለዋወጫ ገዢ መጥቶ ይወስደዋል።»

ሚልካን ያቃጠላት ይኼ ነው። ቢከለክላት ይሻላት ነበር። የተሰበረ ማንኪያ ለሕፃን መጫወቻ እንደሚጣል ጣለላት። እሷም ላፕቶፑን በሹራቧ ጠቅልላ፣ ከጳውሎስ ታክሲ ተሳፍራ ሽሮ ሜዳ አክስቷ ሱቅ ገባች።

አክስቷ መሰለች ጋቢና ነጠላ ትሸጣለች። ሚልካን ከእግሯ ሥር ያሳደገቻት እሷ ናት፤ ምላሷ እንደ መቀስ ነው፣ ጨርቁንም ሰውንም እኩል ይቆርጣል።

«ምን ልታደርጊ ነው ይኼን ሬሳ?»

«አዲስ ሲስተም ልጭንበት ነው፣ እትዬ። ሊኑክስ ይባላል። በነፃ ነው የሚሰጠው፤ የፈለገ ሰው ውስጡን ከፍቶ ያየዋል፣ ያሻሽለዋል። ለደከመ ኮምፒውተር አይከብድም።»

«ባረጀ ጋቢ ላይ አዲስ ጥለት?»

«ጥለቱን አይደለም፤ ድሩን ነው የምቀይረው።»

መሰለች ይኼን መልስ ወደደችው። መውደዷን ግን አላሳየችም፤ ጥግ ላይ ያለውን የመብራት መሰኪያ በአገጯ ጠቆመቻትና ወደ ደንበኞቿ ዞረች።

የሊኑክሱ ድረ ገጽ «ለጀማሪ ቀላል» ይላል። ቀላል! መጀመሪያ ሚልካ ከትምህርት ቤት ኮምፒውተር ላብ ያወረደችውን ፋይል ልክ እንደ ዘፈን ፍላሽ ላይ ገለበጠችው፤ ላፕቶፑ ውሻ ጎመን እንደሚያይ አይቶ አለፈው። ለካ ፍላሹ ራሱ በሌላ ፕሮግራም መዘጋጀት አለበት። በማግሥቱ ላብ ተመልሳ አዘጋጀችው። ጭነቱ ግማሽ ሲደርስ ደግሞ መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ የሞተው ድሮ ነው፤ እሱም አብሮ ድርግም አለ። መብራቱ ሲመጣ እንደገና ከመጀመሪያ። መብራት በሄደ ቁጥርም ቀንና ሰዓቱን ጭምር ይረሳል፤ አንዴ የዛሬ አሥር ዓመት ነው ይላል፣ አንዴ እኩለ ሌሊት ነው ይላል። ሚልካ የሚለውን ማመን ተወች።

ዓርብ ከሰዓት ተሳካ። አረንጓዴ ቅጠል ያለበት ንጹሕ ገጽ ቦግ ሲል ሚልካ ጮኸች። መሰለች መቀሷን ጣለች።

«ተነሣ! እትዬ፣ ተነሣ!»

«ልቤንም ይዞት ሊነሣ ነበር፣ አንቺ ልጅ!»

አሁን የቀረው ትንሽ ነው፤ የአማርኛ መጻፊያና የመዝሙር ማሳያውን ፕሮግራም በስልኳ ኢንተርኔት ማውረድ። ስልኳን እንዳገናኘች ግን ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው ሰዓት ዓይኗን ወጋት። ግድግዳው ላይ ካለው ከአክስቷ ሰዓት ጋር አይገናኝም። «ይኼ ውሸታም፣ አሁንም!» አለች። ላፕቶፑ ሰዓቱን ራሱ ከኢንተርኔት እንዳያስተካክል ዘጋችበት።

«እትዬ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

«ታኅሣሥ ዐሥር።»

ዐሥር፣ አራት፣ ሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት ብላ ሞላች። ሰዓቱንም ግድግዳው ላይ እንዳየችው አደረገችው። ልቧ ረካ።

ከዚያ በኋላ ያ ሁሉ ልፋት ገደል ገባ። ማውረጃውን ስትነካ ቀይ ጽሑፍ። ደግማ ስትነካ ሌላ ቀይ ጽሑፍ። ድረ ገጹም «አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ይመልሳታል። አጠፋችው፣ አበራችው። ስልኳን በር ላይ አስቀመጠች፣ መስኮት ላይ አስቀመጠች። ቀዩ አልጠፋም።

በዚህ መሀል ኦልያድ የጆሮ ማዳመጫውን አንጠልጥሎ ሱቁ በር ላይ ብቅ አለ። «እሺ ኢንጂነር! እንዴት ነው?»

«ሙድ አትያዝብኝ፣ ኦሊ።»

አጎንብሶ ቀዩን ጽሑፍ አየ። አላነበበውም፤ አየው ብቻ። «አልኩሽ እኮ፣ ሞቷል።» ከዚያ ድምፁን ቀነሰ። «ስሚ፣ ነገ ሰው ፊት ሼም እንዳይሆንብሽ። ሃርድ ዲስኩ ተቃጥሏል እንበል። እኔ እመሰክርልሻለሁ። ማን ከፍቶ ያያል?»

ውሸቱ በስሎ፣ ቀርቦ፣ መጉረስ ብቻ ነው የቀረው። እሱ «ሞቷል» ያለው እውነት ይሆንለታል፤ እሷም «አቃታት» አትባልም። «እሺ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«ማታ እደውልልሃለሁ» አለችው። ሄደ።

መሰለች ጋቢ ታጥፍ ነበር። ጆሮዋ ግን ሥራ አልፈታም። «ተቃጥሏል ወይ?»

«አልተቃጠለም።»

«ታዲያ ያልሞተ ለምን ይቀበራል? ይኼ ቀዩ ነገር ምን ይላል?»

ሚልካ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ለካ እሷም ቀይነቱን ስታይ ቆየች እንጂ ቃሉን እስከ መጨረሻው አላነበበችውም። አሁን ቀስ ብላ፣ ለአክስቷ ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችው። «ፋይሉ ገና ነው ይላል። ገና አልጸናም። የሚጸናው… ከሁለት ሺህ ስምንት መቶ ምናምን ቀን በኋላ ነው።»

«ምን ዓይነት ቀጠሮ ነው?»

ሚልካ ስልኳ ላይ ቀኑን በዓመት አካፈለችው። ሰባት ዓመት። የተረፈው ስምንት ወር ገደማ። ሰባት ዓመት ከስምንት ወር። ይኼን ቁጥር በክፍል ውስጥ ስንቴ ሰምታዋለች! በእኛና በፈረንጅ ዘመን መካከል ያለው ልዩነት እሱው ነው።

ግንባሯን በመዳፏ መታች። «ወይኔ! እትዬ፣ በእኛ ቀን ነው የሞላሁት! ሰባት ዓመት ወደኋላ ወስጄ ጥዬዋለሁ። የዛሬውን ፋይል ሲያይ ገና ያልተወለደ እየመሰለው ነው!»

መሰለች ወገቧን ያዘች። «ታኅሣሥ ዐሥር ነው። እኔን ማንም ፈረንጅ አያርመኝም።»

«አንቺ ልክ ነሽ። እሱም በፈረንጅ ቀንና ሰዓት ልክ ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

የዘጋችውን ከፈተችለት። ሰዓቱ ከኢንተርኔቱ ተማክሮ ዘሎ ዛሬ ላይ ደረሰ። ማውረጃውን ስትነካ ቀዩ ጽሑፍ የለም፤ ነጩ መስመር እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ይመላለስ ጀመር። ሚልካ እሱን እያየች ለኦልያድ ደወለች።

«አልተቃጠለም» አለችው። «ተቃጥሏልም አልልም።» ሌላ ሳትጨምር ዘጋችው።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞልቷል። የመክፈቻው ጸሎት ሳያልቅ ላፕቶፑ ተከፍቶ ጨረሰ፤ የመዝሙሩ ግጥም ጥርት ባለ አማርኛ ግድግዳው ላይ ተሰጣ። ልጆቹ «ዋው!» አሉ።

ሲላስ ማይኩን ይዞ ዞረ። ላፕቶፑ ፊት ኦልያድ ተቀምጧል፤ ማንም ሳያስቀምጠው፣ እንደ ልማዱ። «ኦልያድ፣ ጌታ ይባርክህ! ጎበዝ!» አለ ሲላስ። ጭብጨባው ቀለጠ። ኦልያድ የጆሮ ማዳመጫውን ነካ ነካ አደረገ እንጂ «አይ» አላለም።

ሚልካ ከመዘምራኑ መካከል ነበረች። አጠገቧ ያለችው ልጅ በክርኗ ጎሰመቻት። ዝም ማለት ትሕትና ይመስላል፤ ብዙ ሰው ያመሰግንሻል። ሚልካ ግን ይኼ ትሕትና ሳይሆን የትናንቱ ውሸት ሌላ ልብስ ለብሶ መምጣቱ ነው ብላ አሰበች። ከመስመሩ ወጥታ ወደ ፊት ሄደች።

«ወንድም ሲላስ፣ የጫንኩት እኔ ነኝ። አበላሽቼውም ነበር፤ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ሞልቼ ሰባት ዓመት ወደኋላ መለስኩት። ያበላሸሁት እኔ፣ ያስተካከልኩት እኔ።»

አዳራሹ ሳቀ። የአሁኑ ሳቅ ግን ሌላ ነው፤ ብዙዎቹ በየቤታቸው ቀን ሲሞሉ የገጠማቸው ነገር ነውና።

ሲላስ ኦልያድን አየው። «እውነት ነው?»

«እ… ማለቴ… አዎ። እሷ ናት።»

«ይቅርታ፣ ሚልካ። አላወቅኩም» አለ ሲላስ፣ ፊቱ ቀልቶ። «ተባረኪ። በይ ወደ ቦታሽ ተመለሺና እንጀምር፤ ስላይዱን ኦልያድ ይይዘዋል።»

መዘምራኑ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሙዚቃ ኪቦርዱ የመጀመሪያውን ድምፅ ሰጠ። ሚልካ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። እጇን የወንበሩ መደገፊያ ላይ አሳረፈችና ወደ ኦልያድ ጎንበስ አለች።

«ኦሊ፣ ተነሣልኝ። እኔ ነኝ የምቀመጠው።»