ኩፖን ይዘው የመጡት

የምግብ ቤቱ ባለቤት ማብሰያ ክፍሉ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ጭንቅላቱን የፈነከተው የሥጋ መደብደቢያ አጠገቡ ወድቋል። ያገኙት ባልና ሚስት ናቸው። በግማሽ ዋጋ የሚያበላ ኩፖን ከኢንተርኔት ገዝተው ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ቢገቡ አዳራሹ ጭር አለባቸው፤ «ቤቶች» እያሉ እስከ ማብሰያው ዘለቁ።

መርማሪዋ ስትደርስ አሥር አለቃው ዋና አብሳዩን በካቴና አስሮ ወንበር ላይ አስቀምጦት ነበር።

«ነገሩ ያለቀለት ነው» አላት። «ትናንት ሟቹን ‹አንድ ቀን እደፋሃለሁ› እያለ ሲጮህበት ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። መደብደቢያውም የእሱ ነው።»

«ስለጮኸ አሰርከው?»

«ሌላ ምን ቀረ?»

መርማሪዋን በሃያ ዓመት ሥራዋ እንደ ችኩል ፖሊስ የሚያንገበግባት ነገር አልነበረም። ለእነሱ መርምሮ ማግኘት ማለት ቅርብ ያለውን ሰው አንቆ መያዝ ነው። ወንበር ስባ አብሳዩ ፊት ተቀመጠች።

«ለምን ዛቱበት?»

«ስላበሸቀኝ ነዋ» አለ አብሳዩ። «ለእኔ ሳይነግር ሁለት መቶ ኩፖን ሸጠ። ከዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ የገዛ ሁሉ በፈለገው ሰዓት ዘው ይላል። ስንት እንደሚመጣ አላውቅ፣ መቼ እንደሚመጣ አላውቅ። ዋጋው ግማሽ ነው፤ እኔ ግማሽ ዓሣ ልጥበስ? በቦታ ማስያዣው ስንሠራ ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ከስንት ሰው ጋር እንደሚመጣ ከጠዋት አውቄ እዘጋጅ ነበር።»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«ልብስ መቀየሪያው ክፍል ተኝቼ። ቦታ የያዘ ሰው ከሌለ ማረፍ የቤቱ ደንብ ነው፤ ረዳቶቼም ወጥተው ነበር። ኩፖን ይዞ የሚመጣ ካለ ራስህ አብስልለት ብዬው ነው የተኛሁት። አልገደልኩትም። ግን አሁን ቢነሳ አሁንም እጮህበታለሁ።»

ቀጥላ የኩፖኑን ድረ ገጽ ወኪል ጠራች፤ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ አፈ ጮሌ ወጣት ነው።

«ቦታ ማስያዣ ስሙ ለተጠራ ቤት ነው» አለ። «ሊመጣ የወሰነን ሰው ይመዘግባል፣ አለቀ። እኛ ግን ቤቱን ሰምቶት የማያውቀውን እናመጣለን።»

«ተመልሶስ ይመጣል?»

ወጣቱ ጫማውን አየ። «እሱ የምግቡ ጉዳይ ነው።»

«ዛሬ የት ዋልክ?»

«ከሁለት እስከ አምስት ሰዓት ከሟቹ ጋር ቢሯችን ነበርን። ከስምንት ተኩል በኋላ ከበሩ ማዶ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ስንት ሰው እንደሚገባ ስጠብቅ ነበር። ከእነዚያ ባልና ሚስት በቀር በፊት ለፊት በር የገባ የለም።»

በመጨረሻ የሟቹን ታናሽ እህት አነጋገረች። የአዳራሹ ኃላፊ ናት፤ ቦታ ማስያዣውን ያስለመደችውም እሷ ናት። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው፤ ዓይኗ አላበጠም።

«ከወንድምሽ ጋር ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ?»

«ክፉ ቃል ተነጋግረን አናውቅም።»

«በኩፖኑም?»

«ኩፖን መሸጡን የሰማሁት ከሞተ በኋላ ነው። ትናንት እረፍት ነበርኩ። በማላውቀው ነገር ምን ያጣላኛል?»

«እውነቷን ነው» አለ አብሳዩ ከወዲያ። «እሷ እንዳትሰማ ብሎ ሁላችንንም አስጠንቅቆናል።»

መርማሪዋ መግቢያው አጠገብ ያለውን የቦታ ማስያዣ ኮምፒውተር ከፈተች። የይለፍ ቃሉ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ተለጥፏል፤ ያሻው ሰው ሊገባበት ይችላል። ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ሰው ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ማንም ቦታ እንዳይዝ ዘግቷል። ምክንያቱን «ጽዳት» ብሎ ሞልቶታል።

ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ገዳዩ ከሟቹ ጋር ብቻውን መሆን ፈልጓል» አለች። «ቦታ የያዘ ከሌለ አብሳዮቹ ያርፋሉ፣ ቤቱ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ሰዓቱን ከዚህ ኮምፒውተር ዘጋ። ሟቹ ራሱ አልዘጋውም፤ ሦስት ሰዓት ላይ ወኪሉ ቢሮ ነበር።»

«ታዲያ አብሳዩ ሊዘጋው አይችልም?» አለ አሥር አለቃው።

«እስቲ አስብ» አለችው፣ ንዴቷን ሳትደብቅ። «ሰውየው ትናንት የጮኸው ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ኩፖን የያዘ ሁሉ ሳያስታውቅ ይገባል ብሎ ነው። ኩፖን የያዘ ሰው ቦታ አያስይዝም። ይህን እያወቀ ቦታ ማስያዣውን ቢዘጋ ምን ይጠቅመዋል? ያሰርክበት ንዴት ራሱ ነው ነፃ የሚያወጣው። ረዳቶቹም ያውቃሉ። ወኪሉም ያውቃል፤ ሻጩ እሱ ነው። ሰዓቱን በመዝጋት ቤቱን ባዶ አደርጋለሁ ብሎ የሚያምን፣ ስለ ኩፖኑ ያልሰማ ሰው ብቻ ነው።»

ወደ እህትየዋ ዞረች። «አልዋሸሽኝም። ከዚህ ቤት ሰዎች አንቺ ብቻ ነሽ ያላወቅሽው።»

እህትየዋ ወደ ኮምፒውተሩ ዞር ብላ አየች።

«አባታችን ቤቱን ለሁለታችን ነው የተወልን» አለች። «ወንድሜ ፊርማዬን አስመስሎ ፈርሞ በስሙ አዞረው። ካወቅሁ ሦስት ሳምንቴ ነው። ሆዴ እየነደደ በየቀኑ ደህና አደርክ እለዋለሁ። ዛሬ ብቻችንን ሆነን ልጠይቀው ብዬ በጓሮ በር ተመልሼ ገባሁ። ሳቀብኝ።»

አሥር አለቃው የአብሳዩን ካቴና ሲፈታ ቀና ብሎ ሊያየው አልደፈረም። አብሳዩም አላመሰገነውም። ፊቱ ቀልቶ እህትየዋ ፊት ቆመ።

«አንቺ ልጅ፣ ከአባትሽ ጊዜ ጀምሮ እዚህ ቤት ስጮህ ትሰሚኛለሽ። ማንን ገደልኩ? አንድ ቀን ብትጮሂበት ምን ነበረበት?»

«ጋሼ፣ እኔ መጮህ አልችልበትም» አለች።

አሥር አለቃው ካቴናውን ይዞ ወደ እሷ ሄደ።