ትንፋሽ ያልለቀቀው ቀለበት

ዓይን ያላት ሴት ነበረች፤ ጉድ የሠራትም ይኸው ዓይኗ ነው።

ሥራዋ በአንድ ጌጣጌጥ ቤት፣ ከመስታወቱ ባንኮኒ ኋላ ተቀምጣ፣ ቀለበት ሊያስሩ ለሚመጡ ጥንዶች አልማዝ ማስመረጥ ነበር። አጉሊ መነጽሯ ከአንገቷ ስለማይወርድ ባልደረቦቿ «አጉሊ» ይሏታል። ሰው ሁሉ መጥቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው ትልቁ የቱ ነው ብሎ ነው። እሷም ትስቅና ትልቅነቱን ተዉት ትላለች፤ ብርሃን የሚሰጠው አቆራረጡ ነው፤ ጠፍጣፋ ተደርጎ ከተቆረጠ ብርሃኑ በሥሩ ያመልጥና ግዙፍ ፈዛዛ ይሆንባችኋል። ቀለሙን ለማሳየት ደግሞ ድንጋዩን ነጭ ወረቀት ላይ በአፍጢሙ ትደፋዋለች፤ ፊት ለፊት ሲያዩት ብልጭታው ያታልላል፣ ቢጫነቱ የሚለየው ሲደፋ ነው። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ትሰጣቸውና ውስጡ ያለችውን ነጥብ እንዲፈልጉ ታደርጋለች። በባዶ ዓይን ካልታየቻችሁ አትጨነቁ፣ እንከን የሌለው የለም ትላቸዋለች።

በመጨረሻ ድንጋዩን ወደ አፏ አስጠግታ «ሃ» ብላ ትተነፍስበታለች። አልማዝ ከሆነ ጉሙ ወዲያው ብን ይላል፤ መስታወት ከሆነ ይቆያል። ይህችን እጇ ከመልመዱ ብዛት ሳታስበው ነው የምታደርጋት።

እንከን የሌለው የለም የምትለው ታዲያ ለድንጋይ ነው እንጂ ለወንድማ ምሕረት አልነበራትም። አንዱ ሲስቅ ድዱ ይታያል፣ ሌላው ሲበላ ይጮኻል፣ ሦስተኛው ደህና ነው ግን አንገቱ አጭር ነው። እናቷ «ባል በመነጽር አይመረጥም፣ ልጄ» እያሉ ቢመክሯት ቢመክሯት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

አንድ ቀን የጌጣጌጥ ቤቱ አየር ማቀዝቀዣ ተበላሸና ፍሪጅ ሠሪው መጣ። መሰላል ላይ ወጥቶ፣ ጉንጩ ግሪስ ነክቶት፣ ከላይ ሆኖ ስትሠራ ያያታል። ደንበኞቹ ሲወጡ ድንጋዩ ላይ የምትተነፍሺው ለምንድን ነው ብሎ ጠየቃት። ነገረችው። ቆየት ብሎ እንዴት እንደሚለይ እንጂ ለምን እንደሚለይ እንደማታውቅ ገባው፤ ከመሰላሉ ወረደ።

«ድንጋዩ ሙቀቱን ቶሎ ስለሚያካፍል ነው» አላት። «የተቀበለውን ለራሱ አያስቀርም።»

ስንት ዓመት ስትሠራው የኖረችውን ነገር ምክንያቱን ያን ቀን አወቀች። ቀና ብላ አየችው፤ መነጽሯ ደረቷ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። በአንድ ቀን የሚያልቀው ጥገና ሳምንት ሙሉ ሲያመላልሰው የሱቁ ባለቤት ታመመ የሚባለው ማቀዝቀዣው ነው ወይስ ሠሪው ብለው ቤቱን በሳቅ ገደሉት።

ተዋደዱ። እንዴት ያለ መዋደድ! እሱ ሲመሽ በር ላይ ይጠብቃታል፤ እሷ ከርቀት በአረማመዱ ለይታ ፊቷ ይበራል። ስለ ጋብቻ ማውራት ሲጀምሩ ግን ከእናንተ ቤት ቀለበት አልገዛም አላት። የእናቴ ቀለበት ይጠብቅሻል አለ። አባቱ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ልጃቸው ጥርሱን ሳይነቅል ነው የሞቱት። ሊያገቡ ሲሉ ሲጋራቸውን እርግፍ አድርገው ትተው፣ ያንኑ አጠራቅመው ለእናቱ አልማዝ ገዙ። ይህንን ሲያወራ ድምፁ ይቀየራል። ከአባቱ የቀረው ይኸው አንድ ወሬ ነበር።

ቀለበቱን ታዲያ አይታው አታውቅም። እናትየው ጣታቸው ካበጠ ወዲህ አያደርጉትም፤ ያሳዩኝ ስትላቸው በጊዜው፣ በጊዜው እያሉ ያልፏታል።

ጊዜው ደረሰ። በእናቱ ሳሎን ሁለቱ እናቶች፣ ታላቅ እህቱና አጎቱ ተቀመጡ። እሱ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ የቀለበቱን ሣጥን ከፈተ። እሷ ደስታው አላስችል ብሏት፣ ጣቷ ላይ እስኪያጠልቅላት እንኳ ሳትጠብቅ ቀለበቱን ከእጁ ተቀበለችው። ስትመረምር አልነበረም፤ ስትጠረጥርም አልነበረም። ያ የለመደ እጅ ግን ወደ አፏ ወሰደውና «ሃ» አለችበት።

ጉሙ አልሄደም።

ሌላ ሰው ቢሆን ምንም አይገባውም ነበር። እሱ ግን ፍሪጅ ሠሪ ነው፤ ጉም ለምን እንደሚቆይ በዚያ ቤት ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ጉሙን አየው፤ ቀጥሎ እሷን አያት።

«ምንድን ነው?» አላት ቀስ ብሎ።

ማምለጫ ነበራት፤ ያውም እውነት የሆነ ማምለጫ። ቅባት የያዘ አልማዝም ጉም ያቆያል። አድፏል፣ ወስጄ ልጠበው ብትል ማን ይጠይቃት ነበር? የእሱ እናት እንኳ አንገታቸውን አስግገው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ከአፏ የሚወጣውን ይጠብቁ ነበር። ግን ስለ ድንጋይ አንድም ቀን ዋሽታ አታውቅም፤ በዚህም ትኮራለች። ኩራት ደግሞ ክፉ አማካሪ ነው።

«መስታወት ነው» አለች።

ምናለ እዚያ ላይ ባቆመች! ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ግን ትሰብራለች። ድንጋጤው ነው መሰለኝ የባንኮኒው ድምጿ መጣባትና ቀጠለች። ጠርዞቹን እዩአቸው፣ ተበልተዋል አለች፤ አልማዝ ቢሆን ዕድሜ ልኩን ቢደረግ እንዲህ አይበላም። ለመስታወት ግን አቆራረጡ አይከፋም አለች። አይከፋም! እናቷ ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጧት።

እሱ ቀለበቱን ከእጇ ወስዶ ራሱ ተነፈሰበት። ጉሙ እስኪለቅ ጠበቀ።

«አባቴ ውሸታም ነበር ማለት ነው?» አለ፤ ማንንም ሳያይ።

ሻጩ አታሏቸው ይሆናል ብላ ልታባብለው ሞከረች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ማን ይመልሰዋል? ቀለበቱን ሣጥኑ ውስጥ ከትቶ፣ የራሱን እንግዶች ጥሎ ወጣ።

በማግስቱ የእሱ እናት ጌጣጌጥ ቤቱ መጡ። የደንበኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ልትስማቸው ስትነሳ በእጃቸው ተቀመጪ አሏት።

«ልሰድብሽ አልመጣሁም» አሉ። «እኔ የማላውቅ መስሎሻል? በተጋባን በዓመቱ አባቱ ራሱ እያለቀሰ ነግሮኛል። ሲጋራውንም አልተወም፤ ጓሮ ተደብቆ ያጨስ ነበር። እንደዚያም ሆኖ ወደድኩት። ልጄ ግን አባት አጣ፣ ምን ልስጠው? ይሄንን ሰጠሁት። አባቴ ለእናቴ ሲል ተወው እያለ፣ ሲጋራ አፉ ሳይደርስ አደገልኝ።»

«ምነው በነገሩኝ ኖሮ፣ እማማ!»

«ትወደዋለች፣ አይታ ዝም ትላለች ብዬ ነዋ። ይሄ ለሚወድ ሰው ይነገረዋል?»

እናትየው የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፣ እኔ አውቅ እንደነበር እንዳትነግሪው፣ አባቱንም እኔንም በአንድ ቀን አይጣን አሉና ተነስተው ሄዱ።

ስትፈልገው ያገኘችው አንድ የአበባ ማከማቻ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ነው። ሞተሩን ፈትቶ መሬት ላይ ዘርግቶታል። ስታወራው የአፏ እንፋሎት በመካከላቸው ይታያል። ይቅር በለኝ አለችው፤ አለቀሰች፤ እግሩ ላይ ለመውደቅ ቃጣት። እሱ መፍቻውን አላስቀመጠም።

«አልተቀየምኩሽም፤ ልክ ነሽ» አላት። «ግን ከእንግዲህ ምንም ነገር ባሳይሽ ወደ አፍሽ ስትወስጂው ነው የሚታየኝ። ልጅ ብንወልድ እሱም ላይ ትተነፍሺበታለሽ።»

እናትህም ያውቁ ነበር፣ እንደዚያም ሆኖ አባትህን ወደዷቸው ብትለው ምናልባት ልቡ ይራራ ነበር። ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጠችው። ዝም ማለትን የተማረችው ያን ቀን ነው፤ ምን ያደርጋል፣ ፍቅሯን ከፍላበት።

ጊዜ ሄደ። ባል መጣላት፣ አላየችም። እንደ ድሮው የማንንም እንከን አትቆጥርም፤ የምትቆጥረው የራሷን ብቻ ሆነ።

ከዕለታት አንድ ቀን በሩ ተከፈተና እሱ ከአንዲት ሳቂታ ሴት ጋር ገባ። ከተማው ጌጣጌጥ ቤት ሞልቶት ወደዚህ የሚያመጣው ምንድን ነው ይባላል? ባልደረቦቿ አቀርቅረው ሥራ የያዙ መሰሉ።

«እሷን እመኛት» አላት እጮኛውን። «ስለ ድንጋይ ዋሽታ አታውቅም።»

አጉሊ ሥራዋን ሠራች። አቆራረጡን አሳየች፣ ነጭ ወረቀቷ ላይ ደፋችው፣ መነጽሯን ለሴትዮዋ ሰጠቻት። ሲመርጡ እሱ አጉሊን ተንፍሺበት አላት። ተነፈሰች፤ ጉሙ ብን አለ። እሱም በረጅሙ ተነፈሰ። ሴትዮዋ ጣቷን ዘረጋች፤ ልክ ሆነላት፤ እየሳቀች አቀፈችው። አጉሊ ስታያቸው እንባዋን ላለማሳየት ሣጥን የምትፈልግ መስላ ጎንበስ አለች።

ቀና ስትል እጮኛይቱ ከሸሚዙ ሥር አንድ ክር እየጎተተች ነበር። ጫፉ ላይ ያ ቀለበት ተንጠልጥሏል፤ ጠርዙ የተበላው።

«እስቲ ይሄንንም እዪልን» አለች በሳቅ። «ከአንገቱ አያወልቀውም፤ ምንነቱን ደግሞ አይነግረኝም።»

እሱ ደርቆ ቀረ። መስታወቱን ይቅር ብሎት ኖሯል፤ አጉሊን ግን ይቅር አላላትም። አጉሊ ቀለበቱን በጣቷ ይዛ አየችው። መነጽሯን አላነሳችም፤ ወደ አፏም አላስጠጋችውም።

«አልማዝ ነው» አለች። «የሰጠው ሰው በጣም ይወድ ነበር።»

ሴትዮዋ አላልኩህም እያለች ቦርሳዋን አንስታ ወደ በሩ ቀደመች። እሱ ቀለበቱን ቀስ አድርጎ ወደ ሸሚዙ ውስጥ መለሰው። ከገባ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኗን አያት።

«አየሽ፣ ያኔም ይቻል ነበር» አላት።

ከዚያ ሄዶ ለእጮኛው በሩን ከፈተላት።