ሙጃ የዋጠው መስክ

«ከዚህ እስከ አጥሩ አምስት ሜትር ተኩል ይሆናል» አለ ግንበኛው ዳኘው፣ ሜትሩን በረጅሙ የሙጃ ሣር ላይ እየጎተተ። «ለመጋዘን ይበቃል፣ ጋሽ መስዑድ።»

ሰሚሐ የደብተር ቦርሳዋን እንዳዘለች በሩ ላይ ቆማ ቀረች። አባቷ ወደ ሣሩ አንዴ እንኳ ሳያይ፣ «እሺ፤ አሸዋው ሰኞ ይምጣ» አለ።

ያ ቦታ የእናቷ የዘይነት መስክ ነበር። የዛሬ ስድስት ዓመት ከሐሙሲት መንገድ ዳርና ከጣና ዳርቻ የለቀመችውን የዱር አበባ ዘር በጓሮዋ በተነች። ክረምቱ ሲወጣ አደዩ ቢጫ ሆኖ ይፈነዳል፤ ከሥሩ ማጌጥ የሚባለው የመስክ አበባ ሐምራዊ ሆኖ ይነጠፋል። ሌላው ሰው ጎመንና ቃሪያ በሚተክልበት ሰፈር፣ ጎረቤቶች «ዘይነት ሣር ታበቅላለች» እያሉ ይስቁ ነበር።

እሷ ግን ሥራዋን ታውቅ ነበር። ኅዳር ላይ አበባው ደርቆ ዘሩ ሲጠቁር በማጭድ ታጭደዋለች። ዘሩ እንዲራገፍ ሦስት አራት ቀን እያገላበጠች እዚያው ታቆየዋለች፤ ከዚያ ድርቆሹን ጠርጋ ታወጣለች። ፍግ አታስጠጋም። «ይህ መሬት ሲጠግብ ሣር ነው የሚያበቅል» ትል ነበር፤ «ለአበባው ትንሽ ሲርበው ይሻላል።»

ዘይነት መጋቢት ላይ ሞተች። ከታመመች ሁለት ወር እንኳ አልሞላትም ነበር።

መስከረም ጠባ፤ አበባ የለም። ከሰሚሐ ወገብ በላይ የቆመ ሙጃ ብቻ። አባቷ ለአንድ ሳምንት ያህል በየጠዋቱ ወጥቶ አየ። ከዚያ በኋላ፣ «አላህ ሁለቱንም ወሰደ» ብሎ በጓሮው በኩል ማለፍ ተወ።

ሰሚሐ ግን የሆነውን ታውቃለች። ሐምሌ ላይ መሸንቲ፣ አጎቷ ኢስሀቅ ዘንድ ከርማ ስትመለስ፣ ለበቆሎው ከሚበትነው የዩሪያ ማዳበሪያ አንድ ፌስታል ለምና አመጣች። አባቷ ሱቅ በዋለበት፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ በእጇ እየዘገነች መስኩ ላይ በተነችው። የእናቷን ቃል ረስታ አልነበረም። የአጎቷን በቆሎ፣ ያን ጥቁር አረንጓዴ ቅጠሉን አይታ ልቧ ስለሸፈተ ነው። ኋላ አባቷ፣ «ዘንድሮስ ምን ነካው?» ብሎ ሲጠይቃት፣ «ዝናቡ በዝቶ ይሆናል» አለችው።

ዳኘው መስኩን በለካ ማግሥት፣ በእረፍት ሰዓት ይህን ሁሉ ለጓደኛዋ ለመሲ ነገረቻት።

«ታዲያ መጋዘኑ ከተሠራ በቃ፣ ተዘጋ!» አለች መሲ። «ሲሚንቶ ከተደፋበት በኋላ ማን ይጠይቅሻል? በናትሽ አታካብጂው።»

«እሱስ ማንም አይጠይቀኝም።»

«እና ምን ያስለቅስሻል?»

«አላህ ወሰደው ብሎ ነው የሚያስብ፣ መሲ። እኔ ነኝ እኮ።»

መሲ ብስኩቷን ገምሳ ሰጠቻት፤ ደወሉ እስኪደወል አብረው ተቀመጡ።

እሑድ አባቷ የአስር ሶላት ሰግዶ ከመስጊድ ሲመለስ፣ ሰሚሐ ደጃፉ ላይ ጠበቀችው። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋት።

«አባ፣ ዝናቡ አይደለም።»

«የምኑ ዝናብ?»

«አበባውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ዩሪያ ጨመርሁበት። ስትጠይቀኝ ዋሸሁህ።»

መስዑድ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። «እናትሽ ምንም እንዳይጨመርበት ትል አልነበረም?»

«ትል ነበር።»

«ታዲያ ለምን?»

«ዘንድሮ ከሁልጊዜው በዝቶ እንዲወጣልህ ብዬ። ከሞተች ወዲህ እኮ ከሱቅ መጥተህ መተኛት ብቻ ሆነ።»

አባቷ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፤ ፊቱን በሁለት እጁ ጠረገ።

«አበባዋን እንኳ ሳታስቀርልኝ ሄደች እያልሁ» አለ በመጨረሻ፣ «ስንት ቀን እንዳዘንሁባት ታውቂያለሽ? በሞተች ሰው?»

ሰሚሐ አንገቷን ደፋች። ይህን አላሰበችም ነበር። አባቷ በእናቷ ላይ ያዝናል ብላ አላሰበችም።

አባቷ ስልኩን አወጣ። «ዳኘው፣ የነገውን አሸዋ ተወው... ኧረ አልተቀየምሁም... እስከ መጪው መስከረም ይቆይ።» ስልኩን ዘጋና ወደ ልጁ ዞረ። «አንድ ዓመት ነው። አበባው ካልወጣ መጋዘኑ ይሠራል።»

«እሺ።»

«ነገ የቀን ሠራተኛ ላምጣና ሙጃውን ያጽዳው።»

«አይሆንም፣ አባ። እኔ እነቅለዋለሁ። ዘሩን ሳይጥል መነቀል አለበት።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

አባቷ አየት አደረጋትና ገባ።

ሰሚሐ እጅጌዋን ሰብስባ ከመስኩ ጥግ ተንበረከከች። የመጀመሪያው ሙጃ ሥር አልለቅ ብሎ መዳፏን ላጠው። በሁለት እጇ ይዛ ስትስበው፣ አፈር ተሸክሞ ተነቀለ። ጎንበስ ብላ አፈሩን በጣቷ ፈለፈለችው፤ የማጌጥ ቡቃያ፣ የአደይ ቅጠል፣ የሆነ ነገር ፈለገች። ምንም የለም።

አፈሩን መልሳ ደልድላ፣ ቀጥሎ ያለውን ሙጃ ከሥሩ ጨበጠች።