አርባ መስመር በአንድ ሰከንድ

ሬሳው ከተነሣ በኋላም ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ይመጣ ነበር።

መርማሪዋ የኮምፒውተሮቹ ክፍል ደፍ ላይ ቆማ በልቧ ጸሎት አደረሰች፤ ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሟቹ፣ የዚህ የመድኃኒት መጋዘን የኮምፒውተር ባለሙያ፣ የተገኘው ወለሉ ላይ ተደፍቶ ነበር። በሩን ከውጭ ቆልፎበት፣ ከበሩ ውጭ ባለው ማብሪያ አየር የሚያሳጣውን የእሳት ማጥፊያ ጋዝ የለቀቀበት ሰው አለ።

ማቀዝቀዣዎቹን፣ በሩንና ጋዙን የሚከታተለው ፕሮግራም በየደቂቃው አንድ መስመር ይጽፋል። ሟቹ የሠራው ስክሪፕት የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ደግሞ መስመሩን ተቀብሎ፣ የተቀበለበትን ሰዓት ለጥፎ፣ ስክሪን ላይ ያሳያል፤ መዝገብም ውስጥ ያኖረዋል። «በር ከውጭ ተቆለፈ» እና «ጋዝ ተለቀቀ» የሚሉት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተለጥፎባቸዋል። ያን ጊዜ ሠራተኛው ሁሉ ስብሰባ ላይ ነበር። በሩ ላይ የተገኘችው የሟቹ ሚስት ብቻ ናት። እሷን ሊወስድ የመጣው የፖሊስ መኪና ግቢው ውስጥ ቆሟል።

«መነጽሩን ረስቶ ወጥቶ ላቀብለው ነው የመጣሁት» አለች ሚስቱ። «በበሩ መስተዋት ሳይ ተደፍቷል። እያንኳኳሁ ስጮህ ስክሪኑ በጽሑፍ ሞላ። እሱ ወድቆ ማን ይጽፋል፣ እትዬ?»

«መስመር በመስመር ነው የሞላው?»

«በአንዴ! ዓይኔን እስክከድን እንኳ አልቆየም።»

የሟቹ ምክትል ተረጋግቶ ነበር የገባው። «ማሽን ለማንም አያዳላም። ሰዓቱ ተጽፏል።»

«ስክሪፕቱን ነክተውት ያውቃሉ?»

«እኔ? ሟቹ ኪቦርዱ አጠገብ ሰው አያስተነፍስም ነበር።»

ሥራ አስኪያጁ ላብ በላብ ሆነዋል። «እኔን ስለ ኮምፒውተር አይጠይቁኝ። የማውቀው እምቢ ሲለኝ መምታት ነው።»

«ስብሰባውን የጠሩት እርስዎ ነዎት?»

«ምክትሉ ነዋ! ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ ሁሉም ይገኝ ብሎ ነዘነዘኝ።»

መርማሪዋ የትናንቱንና የዛሬውን ስክሪፕትና መዝገብ ጎን ለጎን አስቀምጣ ስታነብ ቆየች። ከዚያ ሁሉንም ጠራቻቸው።

«ፕሮግራም በቀጥታ ስክሪን ላይ ሲጽፍ መስመሩን ወዲያው ያወጣል» ብላ ጀመረች። «ለስክሪፕት ሲያቀብል ግን ብዙ ጊዜ ቃሉን አፉ ውስጥ ያጠራቅማል፤ ሲሞላ በአንዴ ይተፋዋል። ሟቹ ይህን ስለሚያውቅ እንዳያጠራቅም የምታደርግ አንዲት ትእዛዝ አስገብቶ ነበር። የትናንቱ መዝገብ ደቂቃ በደቂቃ ነው። ዛሬ ጠዋት ትእዛዟ ተሰርዛለች፤ መስመሮቹ አርባ አርባ ሆነው ይመጣሉ። አንዱ ጭነት ሦስት ከሃያ ደረሰ፤ ቀጣዩ አራት ሰዓት። አራት ሰዓት ስክሪፕቱ የሰማበት እንጂ ነገሩ የተደረገበት አይደለም።»

«ታዲያ መቼ ተደረገ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ቆጠርኩት። የበሩ መስመር ከአርባው አሥራ ሦስተኛው ነው፤ ሦስት ከሠላሳ ሦስት ማለት ነው። ጋዙ ከዚያ በአንድ ደቂቃ ይከተላል። ከጋዙ በኋላ ሃያ ስድስት መስመር አለ። ፕሮግራሙ የሚያነብለት ሰው በሌለበት ሃያ ስድስት ደቂቃ ጽፏል።»

መርማሪዋ የዘበኛውን መዝገብ ገለጠች።

«ሚስቱ ግቢ የገባችው ለአራት ሁለት ደቂቃ ሲቀረው መሆኑን ዘበኛው መዝግቧል። ያቺን ትእዛዝ ለይተው የሚያውቁት ሁለቱ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ሞቷል።» ወደ ምክትሉ ስትዞር አንቱታው ቀረ። «ሰረዝካት፤ ቆለፍክበት፤ ከዚያ ሰው እንዲያይህ ስብሰባ ገባህ። ባለፈው ወር ማቀዝቀዣው ሲሞቅ ማስጠንቀቂያውን ያጠፋኸውም አንተ ነህ። እሱም መዝገቡ ላይ አለ። የተበላሸው መድኃኒት ለበሽተኞች ወጥቷል።»

«እኔን የሚከስበትን ማመልከቻ ጽፎ ጨርሶ ነበር» አለ ምክትሉ ወለሉን እያየ። «ለምኜዋለሁ። አንድ ቀን ብቻ ስጠኝ ብዬዋለሁ።»

ፖሊሶቹ እሱን ይዘው ሲወጡ ሚስትየው ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«እትዬ… መስተዋቱን ልሰብር ወንበር አንሥቼ ነበር። ከዚያ ፈራሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት። ሰብሬ ቢሆን ኖሮስ?»

«ልጄ፣ አንቺ ስትደርሺ ካረፈ ቆይቷል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«መስመር በመስመር ቆጥሬዋለሁ።»

ሴትዮዋ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሏን አለቀሰችው።